አራተኛው ታሪክ

ፍላሹን የሰጠችኝ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ወጥቼ ጠመኔውን ከእጄ ሳላራግፍ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምራት ድርሰት ጻፉ በተባለ ቁጥር ሰው የሚሞትበት ነገር የምትጽፍ፣ ከኋላ ወንበር የማትነሣ ልጅ ነበረች። አሁን ከጓደኞቿ ጋር ሆና ፊልም ሠርታለች።

«ቲቸር፣ አስፈሪ ፊልም ነው» አለችኝ። «አንድ ታሪክ ግን አይደለም፤ አራት አጫጭር ታሪኮች ናቸው። አዳራሹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሦስት ሰው ገምግሞ ካልፈረመበት አይታይም አሉን። ለገና ሳምንት እንዲደርስልን ፈልገን ነው።»

«ሌሎቹ ሁለቱ እነማን ናቸው?»

አንዷ ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያላት፣ የላሊበላን ሠርግ ሁሉ የምትቀርጽ ሴት ነበረች። ሁለተኛው አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ሦስተኛው ታሪክ ውስጥ የአብነት ተማሪ ስላለ፣ ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ ተብሎ ነው የተጨመሩት።

«እኔንስ ለምን መረጣችሁኝ?»

«ሥነ ጽሑፍ ያስተምራሉ። ደግሞ አያዳሉም።»

እውነት ለመናገር ይህን ስትለኝ ደስ ብሎኛል። ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ተሰበሰብን። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነዋቸዋል። መሪጌታ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከፊት ተቀመጡ። ባለ ፎቶ ቤቷ ድምፁን እንደ ልቧ ለማስተካከል ከስፒከሩ ጎን ሆነች። ዳይሬክተሯ በሩ ሥር ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጽ ታደለን፦ ታሪክ፣ ትወና፣ ምስል፣ ድምፅ፣ መልእክት።

ፊልሙ የሚጀምረው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ አራት ሰዎች ካርታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ሰው በሕይወቱ ያየውን የሚያስፈራ ነገር ይናገራል። አራት ዙር ይጫወታሉ፣ አራት ታሪክ ይወጣል። አጫጭር ታሪኮችን በአንድ ፊልም የሚያስር ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ብዙዎች ደርድረው ብቻ ይተዉታል። እሷ አስራዋለች። ማስታወሻዬ ላይ «ማሰሪያው ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ታሪክ ዳገት ላይ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ስለጫነ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ኩልመስክ ሲደርስ ሰውዬው የለም፤ የተቀመጠበት ወንበር ግን በውኃ ርሷል። በየመናኸሪያው የሚወራ ዓይነት ነገር ነው። ሙዚቃው ደግሞ ፍሩ፣ ፍሩ እያለ ከታሪኩ ይቀድማል። ሁለተኛው ይሻላል። እንግዳ ከቀረ ዓመት ባለፈው ሆቴል ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ማንም የማያድርበትን አልጋ በየጠዋቱ ታነጥፋለች። አንድ ቀን አልጋው ተተኝቶበት፣ አንሶላው ሞቆ ታገኘዋለች። አትጮህም፤ ወንበር ስባ ትቀመጥና ከአልጋው ጋር ወሬ ትጀምራለች። በእኛ ከተማ በባዶ ክፍል አልጋ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ ታሪክ እንደሚነካ አውቄያለሁ። ብቻ ቶሎ አለቀብኝ። በሦስተኛው ላይ፣ የተከለከለ ጽሑፍ የሚገለብጠው ተማሪ ሲታይ፣ መሪጌታ በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«ይህ ልጅ መቃውን የያዘው እንደ እስክሪብቶ ነው» አሉ። «እንዲህ ይዞ አንድ መስመር አይጽፍም።»

ከዚያ አራተኛው ታሪክ መጣ።

ገበያ ላይ ይጀምራል። አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ድስትና ማሰሮዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አዲስ ሙሽራ ማሰሮ ትገዛታለች። አሮጊቷ ማሰሮውን ስታቀብላት እጇን ቶሎ አትለቅም፤ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽራዋ ትከሳለች፣ ድምፅዋ ይጠፋል። ባሏ መድኃኒት ፍለጋ ሲባዝን ከርሞ በመጨረሻ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ይገባል። ውስጡ አፋቸው በጭቃ የተደፈነ ማሰሮዎች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አንዱን ቢሰብረው የሕፃን ሳቅ ወጣ። ሌላውን ሲሰብር የሽማግሌ ሳል። የሚስቱን ድምፅ እየፈለገ ይሰብራል፣ ይሰብራል። ሲያገኘው አሮጊቷ በሩ ላይ ቆማለች። ቀና ትልና እሱን ሳይሆን እኛን፣ ተመልካቾቹን ታያለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ቡዳ የሚል ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልተነገረም። አላስፈለገምም።

ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ሲነሣ ባለ ፎቶ ቤቷ ክንዷን አሳየችን፤ ፀጉሩ ቆሟል። «ፊልሙ ይሄ ነው» አለች። «ሌሎቹ ማሟያ ናቸው።» መሪጌታ ጢማቸውን እየዳበሱ «ክፉ ነገር ነው» አሉ። ፊልሙን ማለታቸው ይሁን ሴትዮዋን አልገባኝም። ተማሪዬ እኔን እያየች ነበር። የእኔን ቃል እንደምትጠብቅ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ጎበዝ» አልኳት። የጋራውን አስተያየት እኔ ጽፌ ሐሙስ እንድንፈራረም ተስማማንና ወጣሁ። ወደ ቤት መሄድ ሲገባኝ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረድኩ፤ ከገበያው ተመልሼ ወደ ትምህርት ቤት፤ እንደገና ወደ ታች። የሚያውቁኝ ሰዎች ምን ጠፍቶህ ነው ብለው ጠየቁኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት።

ሙጃ ከተማው ዳር፣ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት ትኖራለች። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገችኝ ድስት ሸጣ ነው። እዚያ ጠይብ ይሉናል። ሰላምታ አይከለከልም፤ ጎረቤት ነን። ግን እኛ ቤት ሰው አይበላም፤ እናቴ ሕፃን ካየች እናቱ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች።

ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሆነኝ የጎረቤት ልጅ ታመመ። በጭስ አጥነው ማን በላህ እያሉ ሲያስለፈልፉት የእናቴን ስም ጠራ። ደጃችን በሰው ተሞላ። ሊደበድቧት መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ልጁን ተሸክመው አምጥተው ነው የቆሙት። «እንትፍ በይበት» አሏት። እንትፍ ካለችበት ይለቀዋል ማለት ነው። እናቴ ጭቃ ስታሸት ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አለች። ሌላ ምን ልታደርግ?

ልጁ በሦስተኛው ቀን ዳነ። የባሰውም መዳኑ ነው። ባይድን ኖሮ ተሳስተናል ይሉ ይሆን ነበር። ዳነና አረጋገጡ።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላሊበላ ስመጣ ስለ እናቴ ሥራ ማውራት አቆምኩ። ሲጠይቁኝ «ቤት ናት» እላለሁ። ያገባሁት የካህን ልጅ ነው። ሠርጋችን ላይ እናቴ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ከጥፍሯ ሥር ያለውን ጭቃ በሎሚ ፈትጋ መጥታ ከዳር ተቀመጠች። ለባለቤቴ እውነቱን የነገርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች፤ በማግስቱ «ምጣድ ትሠራልኝ እንደሆነ ጠይቃት» አለችኝ። ለአባቷ ግን እንዳንነግር ተስማማን፤ ወይም ሳንነጋገር ተስማማን። ልጆቻችን አያታቸው ሸክላ እንደምትሠራ ያውቃሉ። የቀረውን አያውቁም።

ሰኞና ማክሰኞ ቅጹን ይዤ ከወንበር ወደ ወንበር ስዘዋወር ዋልኩ። ፊልሙን ወደ ስልኬ ገልብጬ ለብቻዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ አራተኛውን አራት ጊዜ። ጉድለት እየፈለግኩ ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ያገኘሁት ሌላ ጥሩ ነገር ነው። አሮጊቷ እጇን ሳትለቅ የምትቆይባት ያቺ ቅጽበት፤ ሦስት ሰከንድ አትሞላም። ማስፈራት ማለት እንዲህ ነው ብዬ ክፍል ውስጥ ላስተምርበት የምችለው ነገር ነው።

ማክሰኞ ማታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አራተኛው ታሪክ በድምፅ ረገድ ደካማ በመሆኑ፣ ከሌሎቹ ጋርም ስለማይዋሐድ ቢወጣ ይመረጣል።» ረቡዕ በጠዋት ለባለ ፎቶ ቤቷ ወስጄ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«መምህር፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ከፊልሙ ሁሉ ድምፁ የተዋጣለት እሱ ነው። ማሰሮው ሲሰበር የሚወጣው ሳል ከጆሮዬ አልጠፋም። ስፒከሩ ጎን የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ሌላ ምክንያት ካለዎት ሌላ ይጻፉ።»

ከፎቶ ቤቱ ወጥቼ ለርእሰ መምህሩ ደወልኩና እናቴ ታማለች አልኩ። ውሸት በውሸት ላይ ጨመርኩ። መናኸሪያ ወርጄ የኩልመስክ መኪና ያዝኩ፤ ኩልመስክ ላይ ቀይሬ ከቀትር በኋላ ሙጃ ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ ስልኬን ከኪሴ እያወጣሁ ስመልስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «የሚጠብቁት ስልክ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

እናቴ ከቤቱ በስተጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ የደረቀ ድስት በድንጋይ ታለሰልስ ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እጇ አልደከመም።

«በሥራ ቀን ምን አመጣህ?»

«ፊልም ላሳይሽ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ስልኩን ስዘረጋላት እጇን በሣር ጠርጋ ተቀበለችኝና ከዓይኗ አራቀችው። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ነገርኳት፤ ስለ አራተኛው ግን ዝም አልኩ።

ሾፌሩን እያየች አዛጋች። የሆቴሉን ታሪክ ድገምልኝ አለችኝ። «ምስኪን» አለች። «አልፈራችም እኮ፤ ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏታል።» እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው ይህ አልታየኝም ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ከአልጋው ጋር የምታወራው ደንግጣ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት።

አራተኛው ሲጀምር ከጎኗ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ አጥሩን እየነካካሁ ቆምኩ።

«ይቺ ሴትዮ ጭቃ ነክታ አታውቅም» አለች እናቴ። «እጇን ተመልከት፤ የሙሽራ እጅ ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይሄን ማሰሮ ሳያበስሉት ነው የሰበሩት። የበሰለ ሲሰበር ይጮሃል፤ እንዲህ ደፍ አይልም» አለች። የሕፃኑ ሳቅ ተሰማ። የሽማግሌው ሳል ተሰማ። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ሲቆም ዘወር አልኩ። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች።

«አፋቸውን የደፈነችው ድምፁ እንዳይወጣ ነው?»

«አዎ።»

«የእኛ ቤት ውስጥ ያለ የሚመስላቸው ይሄ ነው?»

አጥሩን ለቅቄ መጥቼ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

«ያን ጊዜ ደጃችን ቆመው አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ ምን ይታያቸው ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት አስቤያለሁ» አለች። «ድስት ነው ያለው። መደብ ነው ያለው። ምንድን ነው የሚያዩት እል ነበር። አሁን አየሁት።»

አላለቀሰችም። ድምፅዋም አልተለወጠም። የሆነ ሰው የሩቅ አገር ሥዕል አምጥቶ ያሳያት ይመስል ነበር።

«የሠራችው ተማሪዬ ናት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም» አልኳት።

«ክፉ ናት መች አልኩ? የሰማችውን ነው የሠራችው። የሰማችውን ደግሞ ደኅና አድርጋ ነው የሰማችው።» ድስቷን አንሥታ ማለስለሷን ቀጠለች። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ማንም ምንም ቢለኝ ግድ የለኝም። ከእኔ ሥራውን የተማረችው ይቺ ጎረቤቴ ግን ሴት ልጇ ትምህርት ቤት ናት። ልጆቹ ሁሉ ስልክ አላቸው።»

«ምን ላድርግ ትያለሽ?»

«ያንተ ሥራ ነው ልጄ። እኔ ነገ ድስት የምተኩስበት ኩበት አልሰበሰብኩም።»

ኩበቱን አብሬያት ሰበሰብኩ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ የመጀመሪያውን መኪና ያዝኩ።

ስብሰባው ፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሙሽሮች የሚነሡበት ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ ፊት አራት ወንበር ተደርድሯል። ተማሪዬም መጥታለች። ወረቀቱን አወጣሁና ከማንበቤ በፊት «አራተኛው ድምፁ ደካማ ነው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው» አልኩ። «ከአራቱ የሚበልጠው እሱ ነው። እንዲወጣ የፈለግኩት በሌላ ምክንያት ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሙጃ ነው ያለችው።»

ባለ ፎቶ ቤቷ እጇ ወደ አንገቷ ሄዶ ማተቧን ያዘ። ልብ ብላ ያደረገችው አይደለም። እንዳየኋት ስታይ እጇን አወረደችና ፊቷ ቀላ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ሁለታችንም ተናግረን አናውቅም።

ስለታመመው ልጅ ነገርኳቸው፤ ስለ መትፋቱ። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገሩት መሪጌታ ናቸው።

«ስንት ክታብ ጽፌያለሁ መሰለህ» አሉ። «ለዓይነ ጥላ፣ ለቡዳ እያልኩ። እናቶች ልጃቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ ባዶ እጃቸውን እንዴት እመልሳቸዋለሁ? ይቺ ልጅ በአንድ ፊልም የሠራችውን እኔ በቆዳ እየጠቀለልኩ በየሕፃኑ አንገት ሳስር ነው የኖርኩ። አሁን እኔ ነኝ እሷን የምከለክል?»

«ጥያቄዬ ለመሪጌታ አይደለም» አለች ተማሪዬ፤ እኔን እያየች። «ቲቸር፣ እናንተ ፊት ቆሜ እሑድ ስጠብቅ ለምን አልነገሩኝም? ድምፁ ደካማ ነው ብለው ጻፉ? ያንን ቢሰጡኝ እኔ የእርስዎን ቃል አምኜ ድምፁን አፈርሰው ነበር።»

«ጥፋት ነው» አልኳት።

«ደግሞ ውሸት አልሠራሁም። ልጅ ሆኜ ገበያ ስንሄድ እናቴ በሸክላ ተራ በኩል ስናልፍ ዓይኔን በእጇ ትሸፍነው ነበር። እጇ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ያንን ፍርሃት ነው የሠራሁት። ሌሎቹን ሦስቱን ከጭንቅላቴ ነው ያወጣኋቸው፤ ይሄ ብቻ ነው የእኔ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሚያስፈራው።»

«ታዲያ?»

«አሮጊቷ በመጨረሻ ቀና ብላ ታየናለች። ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል። እዚያ ድስት ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ቀና ብላ ታየዋለች። ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?»

ባለ ፎቶ ቤቷ ቀስ ብላ «ሴትዮዋ ንጹሕ እንደሆነች የሚያሳይ አንድ ነገር መጨረሻው ላይ ቢጨመርስ?» አለች። እኔና ተማሪዬ እኩል «አይሆንም» አልን። በዚያ ቀን የተስማማንበት ነገር እሱ ብቻ ነው። ታሪኩ ያንን አይሸከምም፤ ለጥፈው እንዳመጡት ያስታውቃል።

ሦስታችንም ፈረምን። የፈረምንበትን አስተያየት እዚያው እንደገና ጽፌዋለሁ፦ አራተኛው ታሪክ ከሁሉም የተዋጣለት መሆኑን፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ውሳኔውም የራሷ የሠሪዋ እንደሆነ። ተማሪዬ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበተን ወጣች።

ለባለቤቴ ስነግራት «ሌላ ሰው ለአባቴ ከሚነግረው አንተ ንገረው» አለችኝ። መሪጌታ ወሬኛ አይደሉም፤ ከተማው ግን ትንሽ ነው። አማቴ ቤት የሄድኩት በማግስቱ ነው። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወጥተው ደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ተቀመጥ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም፣ እሳቸውም አላሉኝም። ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሠርጉ ላይ በግራ በኩል ጥግ የተቀመጡት ናቸው?»

«አዎን።»

«ምግብ አልቀመሱም። አይቻቸዋለሁ። ተጸይፈውን መስሎኝ ነበር።»

እናቴ ያን ቀን ያልበላችው ማዕዱን አየችው እንዳይሏት ነው። አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ስታይ ነው የዋለችው። ይህን ስነግራቸው አማቴ በትራቸውን መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አደረጉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተቀይሜያቸው ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ለአንድ ወር ያህል እኛ ቤት አልመጡም። ሲመጡም ስለዚያ አላነሡም፤ ስለ ዝናብና ስለ ልጆቹ ትምህርት አውርተው ሄዱ። ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ባለቤቴም የምታውቅ አይመስለኝም።

ፊልሙ በገና ሳምንት በአንድ ከሰዓት በኋላ ታየ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከገጠር የመጡ ምዕመናን ሳይቀሩ ገብተዋል። አራተኛው ታሪክ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ሦስት ዙር ተጫውተው አራተኛውን ሲጀምሩ ዝናብ መጣ ተብሎ ይበተናሉ። ተማሪዬ አዲስ የቀረጸችው መሆኑን አወቅኩ። ሰው ሲወጣ «ሊሞቅ ሲል አለቀ» ሲባባል ሰማሁ። ልክ ነበሩ። ያለ አራተኛው ፊልሙ አንካሳ ነው። ያጎደልኩት እኔ መሆኔን እያወቅኩ ከሰው ጋር እየተጋፋሁ ወጣሁ። እሷ በሩ ሥር ነበረች። በአክብሮት ሰላም አለችኝ፤ ምን አሰቡ ብላ ግን አልጠየቀችኝም።

በሚያዝያ መጨረሻ ደወለችልኝ። ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ማየት እንደምትፈልግ፣ እናቴ ፈቃደኛ ከሆነች መቅረጽም እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እናቴን ሳልጠይቅ ይዣት ሄድኩ፤ በስልክ ብጠይቃት እምቢ እንደምትል ስለማውቅ ነው። ይህም ሌላ ጥፋቴ ነው።

እናቴ ተማሪዬን በደንብ ተቀበለቻት። ሽሮ አቀረበችልን። ልጅቷ እንጀራውን ስትቆርስ እናቴ እጇን እንደምታይባት አስተዋልኩ፤ ትበላ እንደሆነ። በላች፤ ደግማም ጠየቀች። ከምግቡ በኋላ ጭቃ የሚወጣበት ጉድጓድ ድረስ አብረን ወረድን። ተማሪዬ ቆፈረች፣ ተሸከመች፣ የተሰባበረ ሸክላ ወቅጣ ከጭቃው ጋር አሸች። እናቴ «እንዲህ አይደለም፤ በመዳፍሽ» እያለች አራት ጊዜ አስተካከለቻት። ካሜራውን ከቦርሳዋ ስታወጣ ግን እናቴ እጇን ታጥባ ተነሣች።

«እሱን መልሺው።»

«እማማ፣ ፊትዎን አልቀርጽም። እጅዎን ብቻ።»

«እጄም የእኔ ነው። በልተሻል፣ ቆፍረሻል፣ ያየሽውን አይተሻል። ይበቃሻል። መልሺው ልጄ።»

መለሰችው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክንዷ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ፤ በጥፍሯ ትፈቀፍቀዋለች። ስለ ምን ልትሠሪ አስበሻል ብዬ ጠየቅኳት።

«ሌላ ፊልም ጀምሬያለሁ» አለች። «እንደገና አጫጭር ታሪኮች ነው።»

«አስፈሪ?»

«አዎ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ግን ለእርስዎ አላሳይም ቲቸር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ሰው ይገምግመው።»

እሺ አልኳት። ከተማው ሳይደርስ፣ ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር፣ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ከእሷ ጎን ተቀምጬ ከተማ መግባት ከበደኝ፤ በእግሬ መሄድ አለብኝ አልኩት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መኪናው አቧራ አልብሶኝ አለፈ፤ እኔም ዳገቱን ተያያዝኩት።